ውለታ ያልረሱት የባዶ እጅ መምህር

በዓል ሲደርስ ከቤት ወደ ቤት የሚመላለሰው ዘመድ አዝማድ እጁ ባዶ አይደለም። አንዱ ድፎ ዳቦ ያስይዛል፤ ሌላው ጠላውን በማሰሮ አስይዞ ይመጣል፤ አቅሙ ያነሰውም ቢሆን ጥቂት ቡና ጠቅልሎ «ባዶ እጄን ከምገባ» እያለ ደጁን ይረግጣል። በአገራችን አነጋገር ባዶ እጅ የእፍረት ስም ነው። ባለቤቱ ምንም ያልያዘውን ዘመዱን በፈገግታ ቢቀበለውም እንኳ፣ እንግዳው ራሱ እጁን የት እንደሚያኖር ግራ ይገባዋል።

ከእኛ በእጅጉ ርቆ በሚገኝ አገር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ይህንኑ ቃል የክብር ስም አድርገውት አልፈዋል። በጃፓንኛ «ካራ» ባዶ፣ «ቴ» ደግሞ እጅ ማለት ነው፤ ዛሬ በከተሞቻችን ወጣቶች ነጭ ልብስ ለብሰው የሚለማመዱት ካራቴም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ቀድሞ ግን ስሙ ቻይናን በሚያመለክት ምልክት ይጻፍ ነበር። ሁለቱ ምልክቶች ሲነበቡ ድምጻቸው አንድ በመሆኑ፣ መምህሩ በ1930ዎቹ ዓመታት የቻይናውን ትተው ባዶ የሚለውን መረጡ፤ በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍም በዚሁ አጻጻፍ ተጠቀሙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያታቸውም ሁለት ነበር። አንደኛው ጥበቡ መሣሪያ የማይያዝበት መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛውና እርሳቸው አብልጠው የሚወዱት ግን ተማሪው ልቡን ከትዕቢትና ከራስ ወዳድነት ባዶ ማድረግ አለበት የሚለው ነው። ውሳኔያቸው በተለይ በትውልድ አገራቸው በኦኪናዋ ቅሬታ ሳያስነሳ አልቀረም።

እኚህ ሰው ጊቺን ፉናኮሺ ይባላሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቡጢና ስለ እርግጫ አይደለም፤ የካራቴን ታሪክ ለመዘርዘርም አላሰብንም። ፉናኮሺ በእድሜያቸው ማምሻ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አሳትመዋል። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የውጊያ ጀብዱ ሲጠብቅ የሚያገኘው በአብዛኛው የውለታ መዝገብ ነው። ማን እንዳስተማራቸው፣ ማን እንዳበላቸው፣ ማን አዳራሹን እንዳዋሳቸው፣ ማን በዝምታ ቤታቸውን እንዳቆመላቸው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ስለ ሰደሯቸው ሰዎች የተናገሩት ጥቂት ነው። ያለ እርሱ ወይም ያለ እርሷ ይህ አይሆንም ነበር ስላሏቸው ሰዎች ግን ለመናገር አይታክታቸውም።

የተወለዱት በ1868 በኦኪናዋ ደሴት፣ ሹሪ በምትባለው የጥንት የነገሥታት ከተማ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ደካማ ሕፃን ስለነበሩ ለረጅም ዕድሜ የታሰቡ አልነበሩም፤ በዚህም የተነሳ ያደጉት በእናታቸው ወላጆች እቅፍ ነው። ኦኪናዋ በዚያን ጊዜ የራሷ ንጉሥ የነበራት የርዩክዩ መንግሥት አካል ነበረች፤ መንግሥቱም በ1879 ፈርሶ አገሩ የጃፓን ክፍለ ሀገር ሆነ። የንጉሥ ቤት ሲፈርስ የመሳፍንቱ ወገን ድሃ ይሆናል። የፉናኮሺም ቤት ከእነዚሁ አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለውን ደካማ ልጅ ወደ ካራቴ ያመጣው አንድ የክፍል ጓደኛ ነው። የጓደኛው አባት አንኮ አዛቶ በኦኪናዋ ስመ ጥር ከነበሩት የጥበቡ ባለቤቶች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን የካራቴ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ልምምዱም የሚደረገው በስውር፣ ያውም በሌሊት ነበር። ፉናኮሺ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ መንገዱን በፋኖስ እያበሩ ወደ አዛቶ ቤት ይሄዳሉ፤ ጎህ ሲቀድ ይመለሳሉ። ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ማለዳ የሚገባውን ወጣት ያዩ ጎረቤቶች ምን እንዳሙት መገመት አያዳግትም። የሴተኛ አዳሪ ቤት ደንበኛ ሆኗል ብለው ነበር።

ትምህርቱ ደግሞ የሚያጓጓ አልነበረም። ካታ የሚባል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃል የሚያዝ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል አለ። አዛቶ ከፍ ባለው በረንዳ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ከጎናቸው ደብዛዛ መብራት እየበራ፣ ተማሪያቸው ያንኑ አንድ ካታ በግቢው ውስጥ ደጋግሞ ሲሠራ ያያሉ። «ድገመው» ይላሉ። ተማሪው ይደግማል። «ጥቂት ቀርቶሃል» ይላሉ። ተማሪው አሁንም ይደግማል። ምስጋና ከአፋቸው የሚወጣው በስንት አንዴ ነው። አንዱ ካታ እስኪበቃው ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ሌላ ካታ መጀመር ከመምህሩ ፈቃድ ውጭ አይታሰብም።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ ያንኑ ዜማ «ድገም» ሲሉት ያደረው ደቀ መዝሙር፣ በኦኪናዋ ግቢ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ያደረውን ወጣት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ልምምዱ ሲያበቃ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አዛቶ አንዳንዴ ስለ ጥበቡ ምንነት ይናገራሉ፤ አንዳንዴም እንደ አባት ስለ ኑሮው ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ሊነጋ ነው።

ሁለተኛው መምህራቸው አንኮ ኢቶሱ ይባላሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካራቴ ከስውር ግቢ ወጥቶ በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች እንዲገባ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ሁለቱ መምህራን እርስ በርስ የማይቀናኑ ጓደኛሞች ስለነበሩ ተማሪውን ይጋሩት ነበር። ፉናኮሺ ልጆች ወልደው ከእነርሱ ጋር ሲሄዱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ልጆቹን ካታ ሲያሠሩ ቆይተው በመጨረሻ ጣፋጭ ይሰጧቸዋል። ያን ጣፋጭ አባትየው ለልጆቻቸው ሊገዙላቸው አቅም አልነበራቸውም፤ በቤታቸው ጣፋጭ ማለት ስኳር ድንች ነበር። ልጆቹ የሁለቱን ሽማግሌዎች ቤት እንደ ራሳቸው ቤት ወደዱት። ፉናኮሺ ይህን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያወሱት፣ ስለ ተማሩት ምት ከሚናገሩት ይልቅ በፍቅር ነው።

የኑሮአቸውን ነገር ካነሳን የቁንጮውን ነገር ማለፍ አይቻልም። የመሳፍንቱ ወገን ወንድ ጸጉሩን በአናቱ ላይ ቋጥሮ መያዙ የክብር ምልክቱ ነበር፤ አዲሱ የጃፓን መንግሥት ግን ቁንጮውን ከለከለ። ፉናኮሺ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበራቸው፤ የሕክምናው ትምህርት ቤት ቁንጮ ያለውን ተማሪ ስለማይቀበል፣ ቤተሰባቸውም ቁንጮውን አስቆርጦ ስለማይሰድ ሐሳቡ መና ቀረ። ኋላ በ1888 ረዳት መምህር ሆነው ሲቀጠሩ ግን መቆረጡ ግድ ሆነ። ቁንጮውን አስቆርጠው ወደ ቤት ሲገቡ አባታቸው በቁጣ ጮኹ፤ እናታቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ በጓሮ በር ወጥተው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሄዱ። ዛሬ ሲሰማ ሊያስቅ ይችላል። በዚያ ቤት ግን አንድ ዓለም ማለፉ ነበር።

በዚህ ዓይነት የጀመሩትን የማስተማር ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። እድገት ቢቀርብላቸውም ወደ ሩቅ ደሴቶች መዛወርን የሚያስከትል ስለነበር አልተቀበሉትም፤ ከመምህራኖቻቸው መራቅ ሆነባቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፤ የሚመግቡት ቤተሰብ ደግሞ ወላጆችና አያቶች ሳይቀሩ አሥር ያህል ነፍስ ነው። ታዲያ ባልየው ሌሊቱን በአዛቶ ግቢ ሲያድሩ ይህን ቤት ማን ያዘው ቢባል፣ መልሱ ባለቤታቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ቀን ልጃቸውን አዝለው ራቅ ብሎ ወደሚገኝ የአትክልት መሬት ይወርዳሉ፤ ማታ ለሽያጭ የሚሆን ጨርቅ ይሸምናሉ። ባል ሌሊቱን ለምን ውጭ አደርክ ተብለው አልተወቀሱም፤ እንዲያውም ልምምዱ እንዳይቋረጥ የሚያበረታቱት እርሳቸው ነበሩ። ከባለቤታቸውም ከማየት ብዛት ካራቴውን ራሳቸው ተምረውት ነበር። በሰፈሩ ሰክረው የሚጣሉ ሰዎች ሲኖሩ እንዲያስታርቁ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ እርሳቸውም በምክርና በልመና ጠቡን ያበርዱታል። ፉናኮሺ በሌሉበት ሰፈሩ ሽማግሌ አላጣም ማለት ነው።

አሁን ወደ ባዶ እጅ ነገር እንመለስ። አንድ ምሽት ፉናኮሺ ወደ ባለቤታቸው ወላጆች ቤት ይሄዱ ነበር። እንደ አገራቸው ልማድ ለቀደሙት አባቶች መታሰቢያ የሚቀርብ፣ ማንጁ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ በእጃቸው ይዘዋል። ይህ የጃፓናውያን ልማድ ነው፤ ከእኛ እምነት ጋር አይገናኝም፤ ለሞተ ዘመድ መታሰቢያ ምግብ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ዝክርና ተዝካር የሚያወጣ ሕዝብ አይጠፋውም። መንገዱ ጥድ በበዛበት ጨለማ ሥፍራ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው ከፊታቸው ቆሙ። ገንዘብ ጠየቋቸው፤ አልነበራቸውም። ትምባሆ ጠየቋቸው፤ አያጨሱም። ሰዎቹ ነገር ፈልገው ነበር።

የዚህን ጊዜ ፉናኮሺ ጎልማሳና ብርቱ ነበሩ፤ ለዓመታት ሌሊቱን ያነጉትም ይህን ለመሰለ ሰዓት ነው ቢባል የሚከራከር የለም። ምን አደረጉ? የያዙትን ማንጁ ዘርግተው ሰጧቸው። ሰዎቹ ይኸው ብቻ ነው ወይ ብለው ተሳድበው ወሰዱት፤ እርሳቸውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። እዚያ ሲደርሱ የሚያቀርቡት አልነበራቸውም። ባዶ እጃቸውን ቆመው ጸለዩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነገሩን ለሁለቱ መምህራኖቻቸው አጫወቷቸው። ምስጋና የማያውቁት ኢቶሱ ደግ አደረግህ አሏቸው። አዛቶ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ማንጁው ከተወሰደ በመታሰቢያው ፊት ምን አቀረብህ ነበር ጥያቄያቸው። ተማሪው ከልቤ ጸሎት ብቻ አቀረብኩ ብለው መለሱ። አዛቶም በዚህ ጊዜ በግልጽ አመሰገኗቸው፤ ካራቴ ምን እንደሆነ ገና አሁን መረዳት መጀመርህ ነው የሚል መንፈስ ያለው ቃል ተናገሩ። ስንት መቶ ሌሊት «ድገመው» እየተባለ ሲሠራ ላልተሰጠ ምስጋና የበቃው፣ ያልተሰነዘረ ቡጢ ነበር። ይህ ጸሐፊ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህን ገጽ ነው፤ ከሁለት ቀማኞች ጋር ስለተደረገ ነገር ሳይሆን፣ መምህርና ተማሪ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ተጫወቱት ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ።

በ1922 የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር በቶኪዮ ባዘጋጀው የአካል ማጎልመሻ ትርኢት ላይ ካራቴን እንዲያሳዩ ፉናኮሺ ከኦኪናዋ ተላኩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፤ አዛቶና ኢቶሱ አርፈዋል። ሐሳባቸው ጥበቡን አሳይቶ ወዲያው መመለስ ነበር። ይሁን እንጂ የጁዶ መሥራች የሆኑት ጂጎሮ ካኖ ኮዶካን ወደተባለው አዳራሻቸው ጋበዟቸው። ካኖ በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል የሆኑ፣ በአገራቸው ትልቅ ስም ያላቸው ሰው ናቸው። ከሩቅ ደሴት የመጣውን፣ ማንም የማያውቀውን ጥበብ እንደ ተፎካካሪ ሊያዩት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እንግዳውን በክብር ተቀብለው፣ ካታዎቹን ሁሉ ለመማር ከዓመት በላይ ይፈጃል ሲባሉ እንግዲያውስ ጥቂቶቹን አስተምሩን አሉ። ከዚያም ኮሱጊ ሆአን የተባሉ ሠዓሊ መጥተው እንዲያስተምሯቸው ለመኗቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ የጥቂት ቀናቱ ጉዞ የዕድሜ ልክ ሆነ።

ፉናኮሺ የቶኪዮን ኑሮ የጀመሩት ሜይሴይ ጁኩ በተባለ፣ የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያድሩበት ቤት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ነው። ቀን ግቢውን ይጠርጋሉ፣ አትክልት ይንከባከባሉ፣ የተማሪዎቹን ክፍል ያጸዳሉ፣ ዘበኛም ናቸው፤ ማታ በመማሪያው አዳራሽ ካራቴ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ግቢ ሲጠርጉ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ የካራቴው መምህር የት እንደሚገኙ ጠየቃቸው። አንድ ጊዜ ይጠብቁ ብለው ወደ ክፍላቸው ሮጡ፤ ልብሳቸውን ለውጠው ወጡና ፉናኮሺ እኔ ነኝ ብለው እጅ ነሱ። ጋዜጠኛው የደነገጠውን ድንጋጤ ለአንባቢ እንተወዋለን።

በቂ ምግብ ማግኘት ግን ቀልድ አልነበረም። በቤቱ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት አለ፤ ፉናኮሺ ካራቴ እያስተማሩት እርሱ ደግሞ የምግቡን ዋጋ ይቀንስላቸው ነበር። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን በሰው ቤት እንጀራ የሚቀመሰው መምህሩ ነው። ችግሩ ሲከፋ ከኦኪናዋ ያመጡትን በእጅ የተሸመነ ልብስና አሮጌ ባርኔጣ መያዣ እየተቀበለ ገንዘብ ወደሚያበድር ሱቅ ይዘው ሄዱ። ዕቃዎቹ የሚረቡ አልነበሩም፤ የሱቁ ሠራተኛ ግን ከሚገባቸው በላይ ገንዘብ አበደራቸው። ምክንያቱን ያወቁት ኋላ ነው፤ የሠራተኛው ታናሽ ወንድም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ኖሯል። እርሳቸው በድህነታቸው አፍረው ሲገቡ፣ ሱቁ ውስጥ የተቀበላቸው ሳይነገርለት ውለታ የሚከፍል ቤተሰብ ነበር።

በመስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማቸው። ከተማሪዎቻቸው ጥቂቶቹ ሞቱ። መምህሩም የቀሩት ተማሪዎችም በአንድ ባንክ ለጽሑፍ ማባዣ የሚሆን ስቴንስል እየሠሩ ዕለት ጉርሳቸውን ያገኙ ነበር። የሚያስተምሩበት ቤት እድሳት ሲያስፈልገው ደግሞ መጠጊያ የሆናቸው የሌላ ጥበብ መምህር ነው። ናካያማ ሃኩዶ የታወቁ የሰይፍ ስፖርት መምህር ነበሩ፤ የራሳቸው ተማሪዎች በማይለማመዱበት ሰዓት አዳራሻቸውን ለፉናኮሺ ለቀቁላቸው። በ1924 በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የተማሪዎች የካራቴ ማኅበር ሲቋቋም የዕድላቸው ጀርባ ታጠፈ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ።

ስለ ካኖ ውለታ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ካኖ በ1938 ካይሮ ላይ ከተደረገ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ ሲመለሱ በመርከብ ላይ እንዳሉ አረፉ። ከዚያ በኋላ ፉናኮሺ በኮዶካን በኩል ባለፉ ቁጥር መንገድ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ሕንጻው ይሰግዱ ነበር ይባላል። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሲኖር፣ ካኖ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ በቶኪዮ አልኖርም ነበር የሚል መልስ ይሰጡ ነበር። ማንም ሊያያቸው ወይም ሊያመሰግናቸው በዚያ በር አልቆመም።

ይህ መስገድ በጃፓንኛ «ሬይ» የሚባለው ነው። ካራቴ በሬይ ይጀመራል፣ በሬይም ይፈጸማል የሚለው አሳብ ፉናኮሺ ለተማሪዎቻቸው ከተዉአቸው ሃያ መመሪያዎች መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። ቃሉ ሰላምታም፣ አክብሮትም፣ ምስጋናም ነው፤ በአማርኛ እጅ መንሳት ስንል የምናስበውን ያህል ይሰፋል። በየልምምድ አዳራሹ የሚደረገውን ላላየ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ተማሪው ወደ አዳራሹ ሲገባ ማንም ባይኖርም በበሩ ላይ እጅ ይነሣል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም በተርታ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ዝም ይላሉ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ለመምህሩ ይሰግዳሉ፤ መምህሩም መልሰው ይሰግዳሉ። በመጨረሻ ሲማቱ የቆዩት ጓደኛሞች እርስ በርሳቸው ይመሰጋገናሉ። በብዙ አዳራሾች ውስጥም ተማሪዎቹ ወዲያው ጨርቅ አርጥበው ወለሉን ይወለውላሉ። የመማታቱ ልምምድ ያለ ጓደኛ አይሆንም፤ ፊቱን ለምት የሚሰጥ ሰው ከሌለ አንተም አትማርም። ስለዚህ ምስጋናው የጨዋነት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚከፈል ዕዳ አለው።

በ1930ዎቹ ውስጥ ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ለመምህራቸው አዳራሽ ሠሩላቸው፤ ስሙንም ሾቶካን አሉት። ሾቶ ፉናኮሺ በወጣትነታቸው ግጥም ሲጽፉ ይጠቀሙበት የነበረ የብዕር ስም ሲሆን፣ በጥዶች መካከል የሚነፍሰውን የነፋስ ድምፅ ያመለክታል፤ በሹሪ አጠገብ በጥድ በተሸፈነ ተራራ ላይ ብቻቸውን ሲንሸራሸሩ የሰሙት ድምፅ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበው መምህር በዚያ በር ሲገቡ ደስታቸው ጎዶሎ ነበር፤ አዛቶና ኢቶሱ ይህን አላዩም። በአሳባቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው አመሰገኑ። መልሳቸውንም ሰሙት፤ ደግ ሠራህ፣ ነገር ግን አትዘናጋ፣ ገና መጀመርህ ነው የሚል። የሞቱት መምህራን በሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ልብ ውስጥ ሆነው አሁንም «ድገመው» ይሉ ነበር።

ያ አዳራሽ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ጥበቡን ይወርሳል ተብሎ የታሰበው ልጃቸው ዮሺታካ ሞተ። ኦኪናዋም የጦር ሜዳ ሆና ከነሕዝቧ ጠፋች ለማለት የሚያስደፍር ጥፋት ደረሰባት።

ባለቤታቸው እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ? ይህን ጥያቄ አንባቢ ቀደም ብሎ ሳያነሣው አይቀርም። ፉናኮሺ ቶኪዮ ከተደላደሉ በኋላ እንዲመጡ ጽፈውላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የአባቶቻቸውን መቃብር የሚጠብቅ ያስፈልጋል፣ አንተ በሥራህ ጽና የሚል ምላሽ ላኩ። ስለዚህ ባልና ሚስት ከሃያ ዓመት በላይ ተለያይተው ኖሩ። ባልየው መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ሲከበሩ፣ ሚስት በሹሪ ነበሩ። ፉናኮሺ ይህን ውለታ አልካዱም፤ ስለ ባለቤታቸው የጻፉት ከመጽሐፉ ሁሉ ልብ የሚነካው ክፍል ነው። ሆኖም ይህ ጸሐፊ ባነበበው ቁጥር ሳይጠይቅ አያልፍም፦ ለአዛቶ፣ ለካኖ፣ ለወጥ ቤቱ ሳይቀር በጊዜው የተከፈለ ምስጋና፣ ለእርሳቸው ምን ያህል ዘገየ? ለቅርብ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ሁልጊዜ ነገ ሊነገር የሚችል ይመስላል።

ጦርነቱ ባለቤታቸውን ከኦኪናዋ አስወጥቶ ኪዩሹ በምትባለው ደሴት፣ በኦይታ ክፍለ ሀገር ስደተኛ አደረጋቸው። ፉናኮሺ ወደዚያው ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አትክልት እየተከሉ፣ ከባሕር ዳር የሚበላ የባሕር ሣር እየለቀሙ አብረው ኖሩ። ከረጅም መለያየት በኋላ የተገኘው ይህ አንድ ላይ መኖር በረሃብ ዘመን የሆነ፣ አጭርም ነበር። ባለቤታቸው አስም ይታመሙ ነበር። በ1947 መከር ሲጠናቀቅ ሕመሙ ጸናባቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአልጋቸው እየተነሡ ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ቶኪዮ አቅጣጫ፣ ቀጥሎም አባቶቻቸው ወደተቀበሩበት ወደ ኦኪናዋ አቅጣጫ ይሰግዱ ነበር። እንዲህ እንዳሉ አረፉ።

በአገሩ ልማድ አስከሬን ይቃጠላል። የመንደሩ ማቃጠያ ሥፍራ ግን ለመንደሩ ተወላጆች ብቻ የተከለለ ነበር። መንደርተኞቹ ያችን ስደተኛ ሴት አውቀዋት ስለነበር ሥርዓታቸውን ጥሰው ፈቀዱ። ፉናኮሺ ይህን እንደ ታላቅ ውለታ ጽፈውታል፤ ባለቤታቸው በደግነቷ ያገኘችው ነው ብለውም ያምኑ ነበር።

ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የቀረበው መምህር የባለቤታቸውን አመድ ይዘው ወደ ቶኪዮ በሚሄደው ባቡር ተሳፈሩ። አገሩ የተሸነፈ፣ ከተሞቹ የተቃጠሉ፣ ሕዝቡም የተራበ ነው። ፉናኮሺ ተማሪዎቻቸው ከጦርነቱ በኋላ የት እንደወደቁ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደቀረ አያውቁም ነበር። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ግን የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጣቢያው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ለመምህራቸው እጅ ነሡ፤ በእጃቸው ለያዙትም አመድ ሰገዱ። ባቡሩ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ጣቢያ ደግሞ ሌሎች ቆመዋል። ፉናኮሺ እንባቸውን መግታት አልቻሉም።

ቶኪዮ ደርሰው በትልቁ ልጃቸው ቤት ተቀመጡ። ከሞት የተረፉት ተማሪዎች ቀስ በቀስ ተሰባስበው ልምምዱን እንደገና ጀመሩ፤ በ1949 ማኅበር ሲያቋቁሙም ሽማግሌውን መምህር የክብር የበላይ አደረጓቸው። ጊቺን ፉናኮሺ በሚያዝያ 26 ቀን 1957 ዓረፉ። ካማኩራ በሚገኘው ኤንጋኩጂ ገዳም ውስጥ ተማሪዎቻቸው ያቆሙላቸው የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቃል በካራቴ ቀድሞ የሚመታ እጅ እንደሌለ የሚናገር ነው።